ታንኳ የሚያንሳፍፈው አየር ቆሻሻ ውሃም ያጠራል፦ ስለ ሰው ሰራሽ ረግረግ

ባህር ዳር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ከየሰፈሩ ወደ ጣና የሚወርዱ የጎርፍ ቦዮች አሉ። ስማቸው የጎርፍ ቦይ ይባል እንጂ በበጋም አይደርቁም፣ ጥር ላይ ሚያዝያ ላይ ጠብ የሚል ዝናብ ሳይኖር ግራጫ ውሃ እየጎተቱ ይወርዳሉ። የልብስ እጣቢ አለ፣ የምግብ ቤት እጣቢ አለ፣ ባጃጅ የታጠበበት ውሃ አለ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ሽንት ቤት ይለቀቅበታል፣ ሽታው ራሱ ይናገራል። ከነዚህ ቦዮች አንዱ ሀይቁ ጋ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ፊላና ደንገል የቀረበት ቦታ አለ፣ ስፋቱ የኳስ ሜዳ ግማሽ ቢሆን ነው። በቦዩ በኩል ስትቆሙ ውሃው ጥቁር ነው፣ አፍንጫ ያስይዛል። ዞራችሁ በሀይቁ በኩል ስትወጡ ግን ትናንሽ ዓሳዎች ሲሯሯጡ ታያላችሁ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ "ይሄ ሳር ነው እንዴ ያን ሁሉ ቆሻሻ የጠጣው?" አለኝ። ያኔ በሁለት አረፍተ ነገር መለስኩለት፣ ግን ነገሩ በሁለት አረፍተ ነገር የሚያልቅ ስላልሆነ እስኪ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሳሩ የሚጠጣው በጣም ትንሹን ነው። ትልቁን ስራ የሚሰሩት በአይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ሳሩ ደግሞ ለነሱ ቤት ይሆናቸዋል፣ አየር ያመጣላቸዋል፣ ውሃውንም ያዘገይላቸዋል። ሰው ሰራሽ ረግረግ የሚባለው (ኢንጂነሮቹ ኮንስትራክትድ ዌትላንድ ይሉታል) ይሄንኑ ተፈጥሮ የምትሰራውን ስራ ቦታ መርጦ፣ ስፋትና ጥልቀት ለክቶ፣ መግቢያና መውጫ ሰርቶ ማሰራት ነው። ማሽን የለውም፣ ኬሚካል አይገዛለትም፣ ቦታው ትንሽ ተዳፋት ከሆነ መብራትም አያስፈልገውም። መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ግን ውሃ ቆሸሸ ስንል ምን ሆነ ማለታችን ነው? ብዙ ሰው የሚያስበው ቀለሙን ነው፣ ደፈረሰ ማለት ቆሸሸ፣ ጠራ ማለት ጸዳ። ትልቁ ጉዳይ ግን ውስጡ ያለው ኦክስጅን ነው። ባህር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 7 ሚሊግራም ገደማ ነው፣ ዓሳውም ትሉም ባክቴሪያውም የሚተነፍሰው ከዛችው ላይ ነው። አሁን የኩሽና እጣቢ አስቡ፣ የሽሮ ቅሪት፣ ዘይት፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ይሄ ሁሉ ለባክቴሪያ ድግስ ነው፣ እየበሉ ሲባዙ ደግሞ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ቆሻሻ ውሃ አንዱ ሊትር 200፣ 300 ሚሊግራም ኦክስጅን ሊጠይቅ ይችላል፣ ይሄን ልኬት ቢኦዲ ይሉታል። ኪሱ ውስጥ 7 ብር ይዞ የ300 ብር ሂሳብ የመጣበት ሰው ማለት ነው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ያለኦክስጅን የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይረከባሉ፣ ያ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የነሱ ነው፣ ቦዩን የሚያጠቁረውም ጭቃው ውስጥ ያለው ብረት እነሱ ከሚያወጡት ሰልፈር ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ነገር ነው። ስለዚህ ጥቁር ቦይ ስታዩ አየር ያጣ ቦይ እያያችሁ ነው።

ረግረጉ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ነገር ውሃው መዘግየቱ ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ይሄን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ጋኑን ካልነካካችሁት አተላው ይዘቅጣል ከላይ ያለው ይጠራል፣ ከወዘወዛችሁት ግን መልሶ ጉሽ ይሆናል። ቦይ ውስጥ የሚሮጥ ውሃ ሲወዘወዝ የሚውል ጋን ነው፣ ደለሉንም ቆሻሻውንም አንጠልጥሎ ይሄዳል። ፊላ መሀል ሲገባ በየግንዱ እየተጋጨ ይደክማል፣ የተሸከመውን ያስቀምጣል። አፈሩ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው፣ አፈሩ ላይ ተጣብቆ የመጣው ፎስፈረስም (ማዳበሪያ ውስጥ ያለ፣ ተክል የሚያሳድግ ንጥረ ነገር ነው)፣ የአንጀት ትል እንቁላልም አብሮ ይወርዳል።

ቀጥሎ ያለው እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ነው።

ከደንገል የሚሰራው የጣና ታንኳ ለምን እንደሚንሳፈፍ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ደንገል ስትቆርጡት ውስጡ ነጭ፣ ቀላል፣ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ነው፣ አብዛኛው አየር ነው። ፊላም እንደዛው። አንድ ቀን የፊላ ቅጠል ከስሩ አካባቢ በምላጭ አግድም ቆርጬ አየሁት፣ ልክ የማር እንጀራ ይመስላል፣ ክፍል ክፍል ሆኖ ባዶ ነው። ውሃ ውስጥ ነክሬ ስጨምቀው አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። ይሄ አየር ለታንኳ ሰሪዎች ተብሎ የተቀመጠ አይደለም፣ ተክሉ ራሱ እንዳይታፈን የሰራው ነው። ስሩ የተተከለው ኦክስጅን የሚባል ነገር የሌለበት ጭቃ ውስጥ ነው፣ ባቄላ ወይም በቆሎ እዛ ብትተክሉ በጥቂት ቀን ስሩ በስብሶ ይሞታል። ፊላና ደንገል ሸምበቆም ግን ከላይ በቅጠላቸው በግንዳቸው አየር ይወስዱና በነዛ ባዶ ቱቦዎች እስከ ስራቸው ድረስ ያወርዱታል። ከሚወርደው ውስጥ ትንሽ ትንሹ ከስሩ ጫፍ ወደ ጭቃው ያፈተልካል። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከጥቁር ጭቃ ውስጥ አንድ የፊላ ስር ነቅላችሁ እጠቡት፣ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ቡናማ ሽፋን ታገኛላችሁ። እውነትም ዝገት ነው፣ ጭቃው ውስጥ የነበረው ብረት ከስሩ በወጣው ኦክስጅን ዝጎ ነው።

እንግዲህ ስሩ ዙሪያ ሚሊሜትር የማትሞላ አየር ያላት ሰፈር አለች፣ ከሷ ትንሽ ራቅ ስትሉ ደግሞ አየር የሌለው ሰፈር ነው። ይሄ ጎን ለጎን መሆኑ ነው ቁም ነገሩ፣ ለምን ቢባል ናይትሮጅን የሚወጣው በሁለቱም ሰፈር ካለፈ ብቻ ስለሆነ።

ናይትሮጅኑን ገበሬ ያውቀዋል፣ ዩሪያ ማለት እኮ ናይትሮጅን ነው፣ ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ማሳ ላይ በቆሎ ያሳድጋል፣ ታጥቦ ሀይቅ ሲገባ አልጌና እምቦጭ ያሳድጋል። ሽንትም ውስጥ ያለው ያው ዩሪያ ነው። ቦዩ ጋ ሲደርስ በአብዛኛው አሞኒየም ሆኗል፣ አሞኒየም ደግሞ ለዓሳ መርዝ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። አየር ያላት ሰፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሄን አሞኒየም ይቀበሉና ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፣ ስራው ኦክስጅን በጣም ይበላል፣ ለ1 ግራም ናይትሮጅን 4 ግራም ተኩል ገደማ። ናይትሬቱ ቀስ ብሎ ወደ ጎረቤት አየር አልባው ሰፈር ይሄዳል፣ እዛ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚተነፍሱት ኦክስጅን ስለሌላቸው ከናይትሬቱ ላይ ኦክስጅኑን ነጥቀው ይተነፍሱታል፣ የቀረው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ አረፋ ሰርቶ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ማንንም አይጎዳም። ጠዋት ረግረግ ዳር ስትቆሙ ከጭቃው ብቅ ብቅ ከሚሉት አረፋዎች አንዳንዱ ይሄ ነው (ሌላው ሜቴን ነው፣ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ስለሆነ እሱ ጥሩ ዜና ባይሆንም)።

ፎስፈረስ ግን እንዲህ አይነት መውጫ የለውም። ጋዝ ሆኖ አይበርም። ወይ ጭቃው ይይዘዋል፣ ወይ ተክሉ ይወስደዋል፣ ወይ አልፎ ሀይቅ ይገባል፣ አራተኛ መንገድ የለም። 1 ኪሎ ፎስፈረስ ሀይቅ ውስጥ ገብቶ አልጌ ቢያገኘው 100 ኪሎ ገደማ ደረቅ አልጌ ሊያበቅል ይችላል፣ ስለዚህ ይሄ ነገር ትንሽ የሚባል የለውም። ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት አፈር ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል፣ ቀይ አፈራችን እዚህ ላይ ይረዳናል። ገበሬው ማዳበሪያውን አፈሩ "በላብኝ" የሚለው ነገር ረግረጉ ውስጥ የምንፈልገው ነገር ነው። ቀይ አሽም (ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) በብረት የበለጸገ ስለሆነ፣ ቀዳዳውም ለባክቴሪያ ቤት ስለሚሆን፣ ከጠጠር ይልቅ እሱን የሚመርጡ አሉ። ግን አፈሩም አሹም ሆዱ ይሞላል። የዛሬ አምስት አመት ጥሩ ሲይዝ የነበረ ረግረግ ከጠገበ በኋላ መያዝ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ፎስፈረስ ላይ ረግረግ ተአምር ይሰራል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ትንሽ ጠይቁት። በደንብ የተያዘ ረግረግ ቢኦዲውንና ደለሉን 80፣ 90 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ40 እስከ 60 በመቶ አካባቢ ነው።

የበሽታ ጀርሞች ደግሞ በብዙ ነገር ነው የሚያልቁት፣ ይዘቅጣሉ፣ ጸሀይ ይገድላቸዋል፣ ትልልቆቹ ነፍሳት ይበሏቸዋል፣ ከሰው አንጀት ውጪ ብርዱንና ረሃቡን አይችሉም። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ቢያልቁ እንኳ ግን ሲገቡ በሚሊዮን ስለሆኑ የሚቀረው ያሳምማል። ከረግረግ የወጣ ውሃ የሚጠጣ ውሃ አይደለም። ለዛፍ ለአትክልት ስፍራ ማጠጫ ይሆናል፣ ሰላጣና ቆስጣ ላይ ግን እኔ አላፈስም።

ነገሩን በእጄ ልሞክረው ብዬ ጓሮ ላይ አንድ በርሜል በቁመቱ ለሁለት አስሰንጥቄ ነበር። መጀመሪያ የሞላሁት አሸዋ ነው፣ አሸዋ ያጣራል የሚለውን ይዤ። ሶስት ሳምንት አልቆየም፣ የአሸዋው ቀዳዳ በሳሙና ዝቃጭና በቅባት ተደፈነ፣ ውሃው ከላይ ቋጠረ፣ የትንኝ እጭ ፈላበት። አወጣሁት። በሁለተኛው ዙር በደንብ የታጠበ ጠጠር አደረግኩ፣ ከፊቱ ደግሞ ቅባቱና ፍርፋሪው የሚቀርበት አንድ ባልዲ አስቀደምኩ፣ ከሀይቁ ዳር የፊላ ስር ከነቡቃያው በስንዝር በስንዝር ቆርጬ አምጥቼ ተከልኩ፣ ውሃው ከጠጠሩ በታች እንጂ በላይ እንዳይታይ መውጫ ቱቦውን ዝቅ አድርጌ ሰራሁት። ሁለት ወር ሲሆነው ፊላው ወገቤ ደረሰ። የሚገባውን የልብስ እጣቢ በአንድ ሃይላንድ፣ የሚወጣውን በሌላ ሃይላንድ ቀድቼ ከድኜ መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። በሶስተኛው ቀን የመጀመሪያው ሲከፈት ቤቱን አሸተተው፣ ጠቁሯልም። ሁለተኛው ትንሽ ቢጫ ነገር ከመሆኑ በቀር ሽታ የለውም። ላብራቶሪ አይደለም፣ ግን ቢኦዲ የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከዛ በላይ ያስረዳኝ ነገር የለም፣ አንደኛው ሃይላንድ ውስጥ ገና የሚበላ ነገር ነበር፣ ሁለተኛው ውስጥ ተበልቶ አልቋል።

ከዚሁ ሁለቱን አይነት ረግረግ አያችሁ ማለት ነው። አንዱ ውሃው ከላይ የሚታይ፣ ጥልቀቱ ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚሆን፣ ለሰፊ ቦይና ለወንዝ የሚሆነው ነው፣ ርካሽ ነው ግን ቦታ ይፈልጋል። ሌላው ውሃው በጠጠር ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ነው፣ ጠጠሩ ወጪ አለው ግን አይሸትም፣ ሰው አይነካውም፣ ትንኝም አይፈላበትም። ወባ በየአመቱ ለሚያሰቃየን ለኛ አካባቢ ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነው፣ መኖሪያ አጠገብ ከሆነ እኔ ያለጠጠር አልመክርም። ከመንደር ራቅ ብሎ የሚሰራው ክፍቱ ደግሞ ውሃው እንዳይተኛ፣ ዓሳ እንዲገባበት፣ የተዘጋጋ ጥግ እንዳይኖረው ተደርጎ ነው መሰራት ያለበት።

ስንት ቦታ ይፈልጋል የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል፣ እስኪ አብረን እናስላው። ቦዩ ጋ ሂዱና በጋ ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ እዩ። በ2 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 10 ሊትር ነው፣ በቀን 864 ሜትር ኪዩብ። አሁን አንድ ሄክታር ረግረግ 40 ሳንቲሜትር ውሃ ቢይዝ 4,000 ሜትር ኪዩብ ነው። ለ864 ሲካፈል 4 ቀን ተኩል ይመጣል፣ ግንዱና ዝቃጩ የሚይዘውን ቦታ ስትቀንሱ 4 ቀን ገደማ። ቦዩ ውስጥ በደቂቃዎች ሀይቅ ይገባ የነበረ ውሃ አሁን 4 ቀን ከባክቴሪያው ጋር ይውላል ያድራል ማለት ነው። ጥሩ ጊዜ ነው። በተለይ ለኛ፣ ምክንያቱም ባክቴሪያ ሙቀት ይወዳል፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ስራው በግምት እጥፍ ይሆናል። ቀዝቃዛው አውሮፓ ውስጥ በጠጠር ለሚሰራው ለአንድ ሰው 5 ካሬ ሜትር አካባቢ ይተዉ ነበር፣ ክረምታቸው በረዶ ስለሆነ። እኛ ጋ አመቱን ሙሉ ፊላ ያድጋል።

የኛ ችግር ሌላ ነው፣ ክረምቱ። የዝናባችን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ በጀሪካን የለካችሁት ቦይ ሀምሌ ላይ በሬ የሚወስድ ጎርፍ ይሆናል። ያንን ጎርፍ ረግረጉ ውስጥ ብትለቁት አመት ሙሉ የተጠራቀመውን ዝቃጭ ጠራርጎ ሀይቅ ውስጥ ይከተዋል፣ ከምንም የባሰ ነገር ነው። ስለዚህ መግቢያው ላይ ትርፉ ጎርፍ በጎን የሚያልፍበት መውጫ ከመጀመሪያው መሰራት አለበት፣ ከፊቱም ደለል የሚቀርበትና በየአመቱ የሚጠረግ ጉድጓድ። ዲዛይን ላይ ይሄን ካላያችሁ አትቀበሉት።

ይሄ ሀሳብ አዲስ አይደለም። ኬተ ዛይድል የምትባል ጀርመናዊት የእጽዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው ውሃ ዳር የሚበቅሉ ተክሎች ቆሻሻ ውሃ እንደሚያጸዱ በሙከራ ማሳየት የጀመረችው፣ ብዙ ኢንጂነሮችም ቶሎ አላመኗትም። ለኛ ግን ከጀርመኑ ይልቅ የሀንጋሪው ታሪክ ይቀርበናል። እዛ ባላቶን የሚባል ሀይቅ አለ፣ 600 ካሬ ኪሎሜትር ትንሽ የማይሞላ፣ አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር አካባቢ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ራሱ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለቱም ሰፊ ግን ጥልቀት የሌላቸው ናቸው። የባላቶን ትልቁ ገባሪ ዛላ የሚባል ወንዝ ነው፣ ይሄ ወንዝ ሀይቁ ጋ ከመድረሱ በፊት በሰፊ ረግረግ ውስጥ ያልፍ ነበር። ሰዎቹ መሬት ፈልገው ረግረጉን አጠነፈፉት፣ ወንዙን ቦይ ቀደው ቀጥታ ሀይቁ ውስጥ አስገቡት። ከዛ ማዳበሪያው በዛ፣ የከተማ ፍሳሹ በዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ ወንዙ የሚገባበት የሀይቁ ወሽመጥ አረንጓዴ ሾርባ ሆነ። ምን አደረጉ? ያጠነፈፉትን ረግረግ መልሰው ሰሩት። ኪሽ ባላቶን ይባላል፣ ትንሹ ባላቶን ማለት ነው፣ የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1985 ውሃ ያዘ። ረግረጉ ብቻውን አይደለም ሀይቁን ያዳነው፣ የከተሞቹን ፍሳሽም አብረው አጸዱ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሰራው። ግን ያፈረሱትን ነገር በውድ መልሰው መገንባታቸው እኔን ያሳስበኛል፣ እኛ አሁን እያፈረስን ያለነው እሱኑ ስለሆነ።

እኔ የመራዊ አካባቢ ልጅ ነኝ። ልጅ ሆነን ውሃ የምንቀዳው ከአንድ ረግረግ በታች ከምትፈልቅ ምንጭ ነበር፣ ከላይ ማሳ ነው፣ ሰኔ ላይ ጎርፉ ቀይ ሆኖ ረግረጉ ውስጥ ይገባል፣ ምንጯ ግን አትደፈርስም። እናቴን ለምን አይደፈርስም ስላት "ረግረጉ ያጠለዋል ልጄ" ትለኝ ነበር። በኋላ ረግረጉ ተቦየ፣ ውሃው ተንጠፈጠፈ፣ ባህር ዛፍ ተተከለበት። የተከሉትን ሰዎች አልወቅስም፣ ባህር ዛፍ ብር ነው፣ ረግረግ ደግሞ የማንም ያልሆነ የከብት መዋያ ተደርጎ ነው የሚታየው። ምንጯ ግን መጀመሪያ ክረምት ላይ መደፍረስ ጀመረች፣ ከዛ መጋቢት ላይ መድረቅ። እናቴ ዛሬ ውሃ የምታገኘው ከሩቅ ቦኖ ነው።

በግልገል አባይ በኩል ወደ ጣና የሚገባው ውሃ ከሌሎቹ ገባሮች ሁሉ ይበልጣል፣ የሚነሳውም ከሰከላ ነው፣ ከኛው ከጎጃም ደጋ። መንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ረግረግና ጨፌ ማጣሪያ ነበር፣ ነውም። ስለዚህ አዲስ ከመስራት በፊት ያለውን አለመቦየት ይቀድማል፣ በዋጋም በጥቅምም። ካምፓላ ላይ ናኪቩቦ የሚባል የደንገል ረግረግ የከተማውን ፍሳሽ ቪክቶሪያ ሀይቅ ከመግባቱ በፊት ሲያጣራ ኖሯል፣ ሰው እየቦየ ጎደሬ ሲተክልበት ውሃው በቦዩ ቀጥ ብሎ መሮጥ ጀመረ፣ ደንገሉ ቢኖርም ውሃው ካልነካው ምን ያደርጋል።

አንድ ጥያቄ ሳይመጣ ልመልስ፣ "እምቦጭስ ያጣራል ይባላል፣ ለምን እሱን አንጠቀምም?" እውነት ነው፣ እምቦጭ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በጣም ይስባል፣ ሌላ አገር ለዚህ የተጠቀሙበት አሉ። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ምን እንዳደረገ ግን አይተናል። ሀይቁ አካባቢ አንድ ቅጠል እንኳ ሆን ብሎ ማስገባት በምንም አይነት ልክ አይደለም። ደግሞ እሱን የሚያሳድገው እኮ ይሄው በቦዩ የምንልክለት ምግብ ነው፣ በእጅ እየነቀልን ከጀርባ እየቀለብነው ነው የቆየነው። ፊላው አለን፣ ደንገሉ አለን፣ ሸምበቆው አለን፣ የአገር ናቸው።

ከፋብሪካ የሚወጣ ውሃም ለብቻው መታየት አለበት። ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች ረግረግ ውስጥ አይጠፉም፣ ጭቃው ውስጥ ይቀበራሉ እንጂ። ባክቴሪያ ብረት በልቶ አይጨርስም። እንዲህ አይነት ውሃ ግቢው ውስጥ ታክሞ ነው መውጣት ያለበት፣ ረግረግ ለሱ የመጨረሻ ማለስለሻ ቢሆን ነው። የከባድ ብረት ውሃ የገባበትን ሳር ደግሞ ከብት አይብላው።

የቤትና የማሳ ውሃ ብቻ የሚገባበት ከሆነ ግን ሳሩ ይታጨዳል፣ መታጨድም አለበት፣ ምክንያቱም ተክሉ የወሰደው ፎስፈረስ እዛው ደርቆ ከበሰበሰ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። በጋ ላይ ታጭዶ ለጣሪያ፣ ለምንጣፍ፣ ለኮምፖስት ይሆናል። ማጭድ ለሚይዘው ሰው አንድ ነገር ንገሩት፣ ከውሃው ወለል በላይ ከፍ አድርጎ ይቁረጥ። የተቆረጠው ግንድ ጫፍ ውሃ ውስጥ ከቀረ ውሃው በዛ ቱቦ ይገባና ስሩ ታፍኖ ይሞታል፣ ፊላን ማጥፋት የሚፈልጉ ሰዎች እኮ ሆን ብለው ከውሃ በታች ነው የሚቆርጡት።

ለመትከል ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ትምህርት ቤት ግቢም ሆነ ቀበሌ፣ ስሩን ግንቦት መጨረሻ ላይ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ትከሉና መጀመሪያ ውሃ አትሙሉበት፣ ጭቃው ብቻ ይርጠብ። ቡቃያው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃውን ጣት በጣት ከፍ አድርጉት፣ የቅጠሉ ጫፍ ሁሌ ከውሃው በላይ መታየት አለበት፣ በሱ ነው የሚተነፍሰው። ከብት እንዳይገባበት እጠሩት። ሁለተኛው ክረምት ላይ ከቦዩ ቀስ እያላችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፣ መጀመሪያ ግማሹን።